ዳክዬ መሀል ሐይቅ ላይ ስትቆም

ጥቅምት 9

ለአባባ፣

የዓይንዎ ቀዶ ጥገና አለቀ ብላ እትዬ ስትጽፍልን እፎይ ብለን አደርን። ጎንበስ እንዳይሉ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ ተብለዋል አሉ። እንግዲህ በዕድሜዎ አንድ ጊዜ እንኳ የሰው ትእዛዝ ይስሙ። ፋሻው መቼ ይፈታል?

ደጋግመው ለጠየቁኝ ነገር መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደሴቱ ላይ ስልክ አይሠራም፣ ደብዳቤ የሚያደርሰው የጭነት ጀልባም እንደ ልቡ ነው የሚመጣው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ የታመመ ሰው ላይ ጭንቀት አልጨምርም ብዬ ነው። አሁን ግን መዋሸቱ ከበደኝ። ጀልባችን ዳክዬ ደህና አይደለችም።

እርስዎ የናፍጣ ሞተሯን አውጥተው፣ ጣራዋ ላይ ሶላር ዘርግተው፣ ሊትየም ባትሪውን ከወንበሩ ሥር አስቀምጠውልን ከሄዱ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ከዚያ ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር "ሞልቷል" የሚለውን አረንጓዴ መብራት ያበራል። እኔም እሱን አምኜ ሰው እጭናለሁ። ከሰዓት በኋላ መሀል ሐይቅ ላይ ስደርስ ሞተሩ በቢላ እንደቆረጡት ቀጥ ይላል። ዳገት ላይ እንደደከመ መኪና ቀስ እያለ ቢሆን ኖሮ እንኳ ዳር እይዝ ነበር።

ባለፈው የገበያ ቀን ሽንኩርት የጫኑ ሴቶች ይዤ እንደዚያው ቆመች። በሳፋ እየቀዘፍን ገባን። አንዷ፣ "ካፒቴን፣ የዛሬውን ግማሽ ዋጋ አድርጊልን፤ ግማሹን መንገድ የነዳነው እኛ ነን" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

የወደቡ ሞተር ጠጋኝ ከፍቶ አየና፣ "ይሄ ባትሪ ሞቷል። ለዓሣ ስጪውና ናፍጣሽን መልሺ" አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክትባት ይዛ ከእኔ ጋር መሻገር ፈርታለች፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ይህ ባትሪ ሞቷል ብዬ ለማመን ልቤ እምቢ አለኝ።

ልጅዎ ደህና ነው። ያልጻፈልዎ ሥራ በዝቶበት ነው።

ምራትዎ


ጥቅምት 17

ለልጄ፣ ለካፒቴን፣

ፋሻው ስላልተፈታ የምጽፈው በታላቋ ልጄ፣ በእትዬሽ እጅ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ያልኩትን እዚህ እየቆረጠች እዚያ እየቀጠለች ታስቸግረኛለች። (ስድቡን ብቻ ነው የምቆርጠው። ጸሐፊዋ።)

በመጀመሪያ፣ ምንም ነገር እንዳትገዢ። ሁለተኛ፣ ያ ጠጋኝ ለናፍጣ ሞተር ጎበዝ ነው፤ ለባትሪ ግን እኔ ለልብስ ስፌት እንደሆንኩት ነው። ሕመሙን ሳታውቂ መድኃኒት አትቀበይው።

ሊትየም እንደ ድሮው የአሲድ ባትሪ አይደለም። የአሲዱ ሲደክም እያቃሰተ ነው የሚደክመው። ሊትየም ግን ውስጡ ዘበኛ አለው፤ ባትሪው ከልክ በላይ ሲጎድል ወይም ከልክ በላይ ሲሞላ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። አያስጠነቅቅም፣ ዘበኛ ነውና። ስለዚህ ሞተሩ ቀጥ ማለቱ ባትሪው ለመሞቱ ማስረጃ አይሆንም። ባዶ ነበር ማለት ነው። ጥያቄው፣ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮንትሮለሩ ለምን ሞልቷል አለሽ? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው።

ሶላሩን የወፍ ኩስ ሸፍኖት እንደሆነ እጠቢው። ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪውን ዓይነት የሚያሳየው ምልክት "ሊትየም" ላይ መቆሙን እይ። ቀጥሎ ከአልጋዬ ሥር ካለው የእንጨት ሣጥን የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን አውጪና ቀትር ላይ ሁለት ቦታ ለኪ፤ አንዴ ኮንትሮለሩ ጋ፣ አንዴ ባትሪው ራሱ ላይ። በደረቅ እጅ! ቁጥሩን እንዳለ ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው።

ሥራ በዝቶበት ነው ላልሽው ልጄ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ስሙን ለመፈረም ጊዜ አያጣም በይልኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 26

ለአባባ፣

ራስዎን ያምዎት የነበረው ተሻለዎት? ዶክተሩስ ፋሻውን መቼ እፈታለሁ አለ?

ቴስተሩ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ ተገኘ። የወፍ ኩሱንም አጥቤያለሁ፤ ወፎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እያዩኝ ነበር።

ምልክቱን በተመለከተ የጠረጠሩት ልክ ነው። "አሲድ" ላይ ቆሟል። ጠጋኙን ብጠይቀው፣ "እኔ ነኝ የቀየርኩት። ትንሽ ጉልበት ይስጠው ብዬ ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ። ክፋት የለውም፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። ወደ ሊትየም መለስኩት። ጥቂት ቀን ተሻላት፣ ነርሷም ደፍራ ተሻገረች። ከዚያ ያው ሆነች፤ ረፋዱ ላይ "ሞልቷል"፣ ከሰዓት በኋላ ቀጥ።

አሁን የሚያሳብደኝን ልንገርዎት። ቀትር ላይ ኮንትሮለሩ ጋ ስለካ ሃምሳ ስድስት ቮልት ተኩል ነው። ባትሪው ላይ ስለካ ሃምሳ ሦስት ተኩል። አንድ ሽቦ የሚያገናኛቸው ነገሮች እንዴት ሁለት ቁጥር ይኖራቸዋል? ቴስተሩ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በነጋታው ፀሐይ ሳትወጣ ስለካ ደግሞ ሁለቱም እኩል ሆነው አገኘኋቸው። አባባ፣ እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ ሽቦው?

ከኛ ጋር የሚሻገሩት ሰዎች ወደ ሌላው የናፍጣ ጀልባ እየሄዱ ነው። ሲያዩኝ ሌላ የሚያዩት ነገር ያገኙ ይመስል ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ሰውዬም ትናንት መጥቶ ዳክዬን ከፊት እስከ ኋላ በሜትር ለክቶ ሄደ። እሱን ይተዉት።

ምራትዎ


ኅዳር 4

ለካፒቴን፣

ፀሐይ ሳትወጣ ለኪ ብሎ ያዘዘሽ የለም። በራስሽ አሰብሽው። እትዬሽ ያንን ስታነብልኝ አጨበጨብኩ፤ የሰፋችውንም ቀሚስ ከጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። (የሙሽራ ቀሚስ ነበር።)

አላበድሽም። ውሃ ቱቦ ውስጥ ሲቆም የቱቦው ጥበት አይታወቅም፤ ሲፈስ ነው የሚታወቀው። ጠዋት ምንም ስለማይፈስ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው። ቀትር ላይ ሲፈስ ግን መንገድ ላይ አንድ የሚያንቅ ቦታ አለ። ኮንትሮለሩ ከመታነቂያው ወዲህ ስለሆነ የራሱን ቁጥር አይቶ "ባትሪው ጠገበ" ይልና እጁን ይሰበስባል። ባትሪው ወዲያ ሆኖ ይራባል። ማንም አልዋሸሽም፤ ኮንትሮለሩ የሚያየውን ነው የነገረሽ።

አሁን የሚያንቀውን ቦታ ፈልጊ። ቀትር ላይ፣ ቻርጅ እያደረገ ሳለ፣ የቴስተሩን አንድ እግር ከመጋጠሚያው ወዲህ፣ ሌላውን ከዚያው መጋጠሚያ ወዲያ አድርጊ። ጤነኛ መጋጠሚያ ዜሮ ገደማ ያሳይሻል። እንዲህ እያልሽ ከኮንትሮለሩ እስከ ባትሪው ሂጂ። የጠፋው ቮልት የሆነ ቦታ ላይ ብቅ ይላል፤ እዚያ ነው ሌባው።

ስታገኚው ግን ወዲያው አትንኪው! መጀመሪያ ሶላሩን በሸራ ሸፍነሽ አጥፊ፣ ቀጥሎ ባትሪውን። ስትመልሺ ደግሞ ባትሪው ይቅደም፣ ሶላሩ ይከተል። የጋብቻ ቀለበትሽንም አውልቂ። በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ብረት ከገባ ጣት ይቆርጣል። መርከብ ላይ ሽቦ ስዘረጋ በኖርኩበት ጊዜ አይቻለሁ።

የሚለካው ሰውዬ ማነው? ሰው የሚለካው ልብስ ሊሰፋለት ወይም ጉድጓድ ሊቆፈርለት ነው። ጀልባ ለምን ይለካል? "ይተዉት" ያልሽኝን ነገር መተው ከባድ ነው።

አባትሽ

እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን እሱ አያውቅም። ፋሻው ከተፈታ ቆየ። ዶክተሮቹ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ሁለቱም ዓይኖች አይመለሱም ብለዋል። ነግረውታል። እሱ ግን ፋሻ አለበት በይ ብሎ አስምሎኛል። ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ሰው ሲመጣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ አይነሣም። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰ ቀን ብቻ ነው ቁርሱን የሚጨርሰው። የምትልኪውን ሁሉ እኔ ስለማነብለት ይህን እንዳወቅሽ አታስመስይ። እትዬሽ።


ኅዳር 13

ለአባባ፣

ሌባው ተገኘ!

ቀትር ላይ እንዳሉኝ እየለካሁ ሄድኩ። ኮንትሮለሩ ላይ ያለው መጋጠሚያ ዜሮ። ማብሪያ ማጥፊያው ዜሮ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የፊውዝ ቤት ላይ ስደርስ ቴስተሩ ሦስት ቮልት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እጄን ጠጋ ሳደርግ ሙቀቱ ይፋጃል። ሸራውን ጣልኩ፣ ሶላሩን አጠፋሁ፣ ባትሪውን አጠፋሁ፣ ቀለበቴን አወለቅሁ። ብከፍተው ውስጡ ቀልጧል፤ ብሎኑ ላልቷል፣ የሽቦው ጫፍ ጠቁሮ እንደ ከሰል ይረግፋል። በክረምቱ ማዕበል ሲነቃነቅ ላልቶ፣ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል።

አሁን የሰውዬውን ነገር ልንገርዎት። ከእርስዎ የደበቅሁት ባልዋለ ባላደረ ነገር አላስጨንቅዎ ብዬ ነበር። ልጅዎ ዳክዬን ሊሸጣት ነው። ከተማ የአውቶቡስ ሹፌርነት አግኝቷል፣ አብረን እንግባ ይላል። ገዢውን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ወር ሆነን፣ "ጨው አቀብዪኝ፣ እንካ ውሰድ" ብቻ እየተባባልን ስንኖር።

ያን ቀን ያወለቅሁትን ቀለበት እንዳይጠፋ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወደ ጀልባዋ ተመልሼ ነበር። ማታ ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ቀለበቱ መዳፉ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እንደዚህ ነው የወሰንሽው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ንገሪኝ እንጂ። በቀለበት አይነገርም።"

ገባኝና ሳቄ መጣ። "አባባ ናቸው አውልቂ ያሉኝ" ስለው ጭራሽ ዓይኑ ፈጠጠ። ደብዳቤዎን አውጥቼ ያንን መስመር አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ ሁለታችንም ስንስቅ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ከሳቁ በኋላ ነው የተናገረው። የሽንኩርቶቹ ሴቶች ቀን እሱ ወደብ ላይ ነበር ለካ። "ነፋስ ወደ ድንጋዮቹ ሲገፋሽ ከዳር ቆሜ አይሻለሁ። የምዋኝበት ርቀት አይደለም፣ የምልከው ጀልባ የለም። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ቆሜ አላይም" አለኝ። አባባ፣ እኔ ገንዘብ ፈልጎ መስሎኝ ነበር። ይህን ሰው በአንድ ወር ዝምታ ክፉ አድርጌው ነበር።

አሁንም ልሽጣት ማለቱን አልተወም። ገዢው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይመጣል። የፊውዝ ቤቱን ከከተማ አስልኬያለሁ። እንዴት አድርጌ ልግጠመው?

ምራትዎ

(ለእትዬ ብቻ፦ ገብቶኛል። እንደማላውቅ ሆኜ ጽፌያለሁ። ቤታችን ውስጥ የእሳቸው አልጋ እንደተነጠፈ ነው።)


ኅዳር 22

ለልጄ፣

በሁሉም ደብዳቤሽ "ፋሻው መቼ ይፈታል?" ትዪ ነበር። በዚህኛው አልጠየቅሽም።

እትዬሽን አጠገቤ አስቀምጬ "ነገርሻት?" አልኳት። መቀሷ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ለቀባሪው አረዱት ነው ነገሩ፤ ግን ከእኔ አፍ ይውጣ። አላይም ልጄ። ከእንግዲህም አላይም። የደበቅሁት ስለ ዓይኔ ሳይሆን ስለ ጀልባዋ ብቻ እንድታወሪኝ ፈልጌ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ፤ አንቺ ብቻ ነሽ "አበድኩ ወይስ ሽቦው?" የምትዪኝ። (ይህን ስጽፍ ወረቀቱን አርጥቤዋለሁ፤ ይቅርታ።)

ወደ ሥራችን። የጠቆረውን ሽቦ አትራሪለት፤ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ቁረጪ። አዲሱን ጫፍ በትልቁ መጨመቂያ ጉጠት ነው የምታስሪው፤ ጉልበት ይፈልጋል፣ ባልሽን ጥሪው። ከዚያ ሁለታችሁም ሳቡት። ሲሳብ የሚወጣ ከሆነ ዛሬ ይውጣ። ብሎኑን አጥብቂ፣ አንድ ቀን ከሄድሽ በኋላ ደግመሽ አጥብቂ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስትጨርሺ ዳክዬን አንድ ሙሉ ቀን አሳርፊያት። ፀሐይዋን ትጠጣ፤ የባትሪው ክፍሎች ሲራቡ ስለኖሩ እኩል ለመሆን ጊዜ ይፈልጋሉ።

ስለ ሽያጩ ነግረሽኛል። ጀልባዋን የሰጠሁት ለሁለታችሁ ነው፣ በእጄ የለችም። ሸጣችሁም አልሸጣችሁም ልጆቼ ናችሁ። ልጄ ፈርቶ ነው፤ የፈራን ሰው ደግሞ ፈሪ አትበይው፣ ቁጥሩን አሳዪው። የታመመ ነገር ግን አይሸጥም። ትዳንና ትሸጥ፣ ወይ ትዳንና ትቅር።

አባትሽ


ታኅሣሥ 3

ለአባባ፣

ደብዳቤዎን ወደቡ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ቤት ወስጄ ለልጅዎ አነበብኩለት። ወጥቶ ውሃው ዳር ብዙ ቆመ። ሲመለስ፣ "ጉጠቱ የታለ?" አለኝ።

አብረን ሠራነው። እኔ ሽቦውን ያዝኩ፣ እሱ ጨመቀ። ስንስበው እኔ ተንሸራትቼ ወደቅሁ እንጂ ሽቦው ንቅንቅ አላለም። በነጋታው ዳክዬ አረፈች። ቀትር ላይ ቴስተሩን ለእሱ ሰጠሁትና "አንተ ለካ" አልኩት። ኮንትሮለሩ ጋ ለካ፣ ባትሪው ላይ ለካ፣ ተመልሶ እንደገና ለካ። ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት ትንሽ ሲቀራቸው ነው። ከዚያ ቴስተሩን በካልሲው በጥንቃቄ ሲጠቀልል አየሁት።

ገዢው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሙከራ ይዤው ልወጣ ገመድ ስፈታ ነርሷ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት ደግፈዋል፤ ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው፣ ወዲያ ማዶ ሆስፒታል መድረስ አለባት። የናፍጣው ጀልባ ወጥቷል። ነፋሱ ደግሞ ከፊት ነው፣ የዚያን ቀን ዓይነት።

ነርሷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ትደርሳለች?" አለች።

"ትደርሳለች" አልኩ። ገዢውን፣ "ጌታዬ፣ ወይ ይውረዱ ወይ ይቀመጡ" አልኩት። ተቀመጠ። ልጅዎ ሳልጠራው ዘሎ ገባ።

መሀሉ ላይ ስንደርስ፣ ሁሌ የምትቆምበት ቦታ ላይ፣ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ነፋሱ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፤ ከሌላው ቀን እጥፍ ነው የሚበላው። ልጅዎ ባትሪው አጠገብ ተንበርክኮ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። "ሃምሳ ሁለት! ያው ሃምሳ ሁለት ነው! ንጂ!" ሴትየዋ ስትጮህ እሱ የበለጠ ይጮሃል። ገዢው በኮቱ ለሴትየዋ ከሚረጨው ውሃ ከለላ ሠርቶ፣ ራሱ እንደ ድመት ረጥቦ፣ "አይዞሽ እናቴ" ይላል። ድንጋዮቹን በግራ አለፍናቸው። ቀና ብዬ ሳይ ማዶ ነን።

ልጁ ወንድ ነው። እናቱም ደህና ናት። ቀዶ ጥገና ነበር የሚያስፈልጋት፤ ነርሷ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ሁለቱንም እናጣ ነበር አለች።

ገዢው ኮቱን እየጨመቀ፣ "እንዲህ ከሆነችማ ዋጋ እጨምራለሁ" አለ። እኔ አፌን ስከፍት ልጅዎ ቀደመኝ።

"አትሸጥም" አለው።

"ትናንት ትሸጣለች አላልክም?"

"ትናንት ታማ ነበር።"

ሹፌርነቱን ግን ይዟል፤ ሰኞ ይጀምራል። ሳምንቱን እዚያ፣ እሑድን እዚህ ይሆናል። ቀላል አይሆንም፣ ግን የተስማማነው ሁለታችን ነን።

አባባ፣ ይምጡ። "እዚያ ምን አደርጋለሁ?" ብለው እትዬን እንደጠየቁ ነግራኛለች። ጠጋኙ ሁለት ሌሎች ጀልባዎች ወደ ሶላር ሊቀየሩ ነው፣ ማን ያሳየን እያለ ነው። እኔ አስተማሪ አለኝ አልኩት። እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ያውቃሉ አልኩት። በደብዳቤ ሠርተነው የለ? አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንዴት ያቅተናል?

ምራትዎ


ታኅሣሥ 12

ለልጄ፣

እትዬሽ "ወንድ ነው" የሚለው ላይ ስትደርስ ማንበብ አቅቷት ቆመች፤ እኔ ደግሞ "ባትሪው ስንት ላይ ነበር?" ብዬ ጮህኩባት። ተቆጣችኝ። (እውነት ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ነው የምልክልሽ።)

እመጣለሁ። ለመምጣት ያንገራገርኩት የቤት ዕቃ እንዳልሆን ፈርቼ ነው፤ እያለፉ አቧራውን የሚያራግፉለት ነገር። አንቺ ግን ሥራ ይዘሽ ጠራሽኝ። ሥራ ካለ የሚቀር ሰው አይደለሁም። ሆስፒታል ውስጥ በዱላ መሄድ አስተምረውኛል፣ ደረጃም እወርዳለሁ። ለጠጋኙ፣ አስተማሪው ተቆጪ ነው በይው፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳይል።

ለልጄ፣ "ትናንት ታማ ነበር" ያለውን መልስ እዚህ ሰፈር ለሁሉም ሰው ነግሬዋለሁ በይው። በአውቶቡሱ ላይ ደግሞ ብሎኖቹን ያጥብቅ።

እትዬሽ እስከ ማዶው ወደብ ታደርሰኛለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ማንም ሰው እጄን ሊይዝ እንዳይመጣ፤ ወደ ጀልባዬ በራሴ እግር ነው የምገባው። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኛል። የድሮው ናፍጣ ገና ከደሴቱ ሲነሣ ይሰማ ነበር። ዳክዬ ግን ድምፅ የላትም፤ እንዲያ ያደረግኋት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ወደቡ ላይ ቆሜ መምጣትሽን በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ ከሩቅ ጥሪኝ። ሰው ይሰማል ብለሽ እንዳታፍሪ። ገና ድንጋዮቹን ስታልፊ ጀምሪና፣ ጮክ ብለሽ፣ አባባ እያልሽ ጥሪኝ።

አባትሽ